ካቴናው ሲንቃጨል፦ የጋራዥ ጥያቄና መልስ

ከሰሞኑ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚያወሩት ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ስለ ቴንሽነር፣ ማለትም በሞተሩ ውስጥ ያለው ካቴና እንዳይላላ ወጥሮ ስለሚይዘው። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። ሌሎቹን ባጭሩ እመልሳለሁ።

ጥያቄ

ይድረስ ለጋሼ። ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። ባለ 150 ሲሲ ሞተር ብስክሌት አለኝ፤ ከፒያሳ ሱቆች ዕቃ እየተቀበልኩ ወደ ቱላ፣ አንዳንዴም እስከ ይርጋለም አደርሳለሁ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ጠዋት ሳስነሳው ከሲሊንደሩ በግራ በኩል ይንቃጨላል። መጀመሪያ ሲሞቅ ይተው ነበር፤ በኋላ ግን ሚኒሞ ላይ በቆመ ቁጥር ይሰማ ጀመር፤ ትንሽ ቤንዚን ስሰጠው ይቀንሳል። አንድ መካኒክ «ፒስተንና ቀለበት ይፈልጋል፤ ሞተሩ ይውረድ» አለኝ። የጠራው ዋጋ አስደንግጦኝ ወደ ሌላ ሄድኩ። ሁለተኛው ቴንሽነሩን ፈትቶ ሞላውን (ስፕሪንጉን) ሳብ ሳብ አደረገና መልሶ አሰረው። ድምፁ ወዲያው ጠፋ፤ እኔም መርቄው ሄድኩ። ሳምንት ሳይሞላ ግን በቦታው ፉጨት መጣ፤ ፍጥነት ስጨምር ፉጨቱም ይጨምራል። አሁን ደግሞ «አዲስ ቴንሽነር ግዛ» ተብያለሁ። ልግዛ? ራሴስ ልቀይረው እችላለሁ?

መልስ

ልጄ፣ ፈትተህ ሳታይ አትግዛ። ያ ፉጨት እስኪጣራ ድረስም ወደ ይርጋለም አትሂድበት። ካቴናው ከልክ በላይ ተወጥሮ መደገፊያውን እየፋቀ ነው። ወይ የተሳበው ሞላ ከልኩ በላይ ገፍቶታል፣ ወይ መካኒክህ ዘንጉን ወደ ኋላ ሳይመልስ ቴንሽነሩን በግድ አስሮታል። እኔ የምጠረጥረው ሁለተኛውን ነው፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ።

ከታች ፒስተኑ የሚያዞረው ክራንክሻፍት፣ ከላይ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) ውስጥ ደግሞ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት አለ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቀጭን ካቴና ነው። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ቫልቮቹ በሰዓታቸው የሚከፈቱትና የሚዘጉት በዚህ ልክ ነው። ሞተሩ ሲሠራ የካቴናው የፊት ወገን ወደ ታች ስለሚሳብ ውጥር ነው፤ የኋላው ወገን ይላላል። ቴንሽነሩ ከሲሊንደሩ ጀርባ የተቀመጠውም ለዚህ ነው። በውስጡ በሞላ የሚገፋ ዘንግ አለ፤ ዘንጉ ጎማ ወይም ፕላስቲክ የለበሰውን ረጅም መደገፊያ ይገፋል፣ መደገፊያው ደግሞ የላላውን ወገን ደግፎ ይይዛል።

ካቴናው ከጊዜ ጋር ይረዝማል። የሚረዝመው ብረቱ ተለጥጦ ሳይሆን የእያንዳንዱ መጋጠሚያ ፒንና ቀዳዳ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚበላ ነው። ቴንሽነሩ ይህን ትርፍ ርዝመት ይሸፍናል፤ ዘንጉ አንድ ጥርስ ወደ ፊት ይወጣል፣ እንዳይመለስም ትንሽ መንጠቆ ይይዘዋል። የከሳ ሰው ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ ገባ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ቀዳዳው ያለቀ ዕለት አዲስ ዘለበት መግዛት ምን ይጠቅማል? ለዚህ ነው ቴንሽነር እንዲቀየርለት ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ ዘንጉ ምን ያህል እንደወጣ የማሳየው። አብዛኛውን ጊዜ ቴንሽነሩ ሥራውን ሠርቶ ጨርሷል፤ ያለቀው ካቴናው ነው።

ከመፍታትህ በፊት ግን ጥፋተኛው እሱ መሆኑን አረጋግጥ። የመጀመሪያው ነገር ዘይት ነው፤ ገንዘብ የማይጠይቅ ምርመራ ስለሆነ ማንም አይወደውም። የአንተ ዓይነት ሞተር የሚይዘው አንድ ሊትር ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ዘይት ነው። ከዚያ ላይ ሩብ ሊትር ሲጎድል ቀላል አይደለም። ሞተር ብስክሌቱን ቀጥ አድርገህ አቁመህ መጠኑን እይ። ከጎደለ ሙላ፤ ከጠቆረና ከቀጠነ ቀይር፤ ከዚያ ድምፁን እንደገና ስማ። የመኪና ዘይት አታድርግበት። ፍሪሲዮኑ በዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ አንዳንዱ የመኪና ዘይት ያንሸራትተዋል። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» የሚል ምልክት ፈልግ።

ቀጥሎ ሞተሩን ደጅ አስነስተህ ሚኒሞ ላይ ተወው። የፍሪሲዮኑን እጀታ ጨብጥ። በዚያች ቅጽበት ድምፁ ከጠፋ ነገሩ የፍሪሲዮኑ ወይም የካምቢዮው ነው፤ ካቴናውን ተወው። ድምፁ ቀጭን፣ እኩል እኩል የሚመታ «ጢቅ ጢቅ» ከሆነና ቤንዚን ስትሰጠው አብሮ ከፈጠነ የቫልቭ ክፍተት ሊሆን ይችላል። ሲቀዘቅዝ የሚያንኳኳ፣ ሲሞቅ ዝም የሚል ደብዛዛ ድምፅ የፒስተን ባሕርይ ነው። ጭነህ ዳገት ስትወጣ ከታች «ዱም ዱም» የሚል ከባድ ምት ከሰማህ ግን ወዲያው አጥፋው፤ ያ የክራንክሻፍቱ ነው፤ በእሱ ላይ መንዳት ገንዘብ ማቃጠል ነው። አንተ የገለጽከው ድምፅ፣ ማለትም በግራ በኩል የሚንቃጨል፣ ሚኒሞ ላይ የሚብስ፣ ትንሽ ቤንዚን ሲያገኝ የሚረጋ፣ የላላ ካቴና ጠባይ ነው። የመጀመሪያው መካኒክ ፒስተን ያለው በምን ምክንያት እንደሆነ አላውቅም፤ በደብዳቤህ ላይ ጭስም ሆነ የጉልበት ማነስ አልጠቀስክም።

ቦታውን ለመለየት ረጅም ካቻቢቴ በቂ ነው። ጫፉን ሲሊንደሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ አጥንት ላይ አድርግና ከታች ወደ ላይ እያዘዋወርክ ስማ። ማርሚታው እንዳያቃጥልህ፣ ልብስህም የሚዞር ነገር እንዳይነካ ተጠንቀቅ። በነገራችን ላይ የሞተር ድምፅ በስልክ ቀድታችሁ በቴሌግራም የምትልኩልኝ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ ተውት። በስልክ ሲመጣ ሁሉም ሞተር የበቆሎ ወፍጮ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ራስህ ልትሠራው ትችላለህ፤ ግን በጥድፊያ አይሆንም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ይደር። ካንዴላውን ፍታ፣ በእጅ ሲዞር እንዲቀልልህ። በግራ በኩል ካሉት ሁለት ክብ ክዳኖች ትልቁ የክራንክሻፍቱን ቡሎን፣ ትንሹ ምልክቱን ያሳዩሃል። በአብዛኞቹ እንዲህ ባሉ ሞተሮች ቡሎኑን ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ቀስ እያልክ ስታዞር ሞተሩ በትክክለኛ አቅጣጫው ይሄዳል። የ«ቲ» ፊደል ምልክት ከጠርዙ ጭረት ጋር ሲገጥም አቁም። የሁለቱንም ቫልቮች ማስተካከያ በጣትህ ነካ ነካ አድርግ፤ ሁለቱም ጥቂት ከተንቀሳቀሱ ፒስተኑ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው፤ ካልሆነ አንድ ሙሉ ዙር ጨምር።

እዚህ ጋ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ከቴንሽነሩ ጀርባ መሃል ላይ ያለውን ቡሎን መጀመሪያ ፍታ፤ ሞላው ተከትሎ ይወጣል። ቴንሽነሩን ከሲሊንደሩ ጋር የያዙትን ሁለቱን ቡሎኖች የምትፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ሞላው አስቀድሞ ከወጣ ዘንጉ በሥራ ላይ በነበረበት ጥርስ እንደቆመ በእጅህ ይገባል፤ የወጣውን ጥርስ መቁጠር ትችላለህ። ሞላው ሳይወጣ ከፈታኸው ግን ዘንጉ እየተገፋ እስከ መጨረሻው ይወጣልና የት እንደነበረ ማወቂያ አይኖርህም።

መካኒክህን የጠረጠርኩትም በዚህ ነው። ሁለቱ ቡሎኖች በላሉ ቁጥር ዘንጉ ክፍተቱን ተከትሎ ወደ ፊት ይሄዳል፤ መንጠቆው ደግሞ መመለስን አያውቅም። ዘንጉን ወደ ውስጥ ሳይመልስ ቡሎኖቹን ያጠበቀ ሰው ካቴናውን በቡሎኖቹ ጉልበት ወጥሮታል። ድምፁ በእርግጥ ይጠፋል። ከዚያ ፉጨት ይመጣል፤ ከፉጨቱም በኋላ የተፋቀ መደገፊያና ያለጊዜው ያረጀ የካምሻፍት መቀመጫ ይከተላል። «ዘይት ያንጠባጥባል» ተብሎ ሁለቱን ቡሎኖች ላላ፣ ጠበቅ ማድረግም ያው ነው።

ቴንሽነሩ በወጣበት ሰዓት ሞተሩን በእግርም በስታርተርም እንዳታዞር። ካቴናው ጥርስ ከዘለለ ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ፤ ያኔ የመጀመሪያው መካኒክ የጠራው ዋጋ ርካሽ ይመስልሃል።

አሁን ዕቃው እጅህ ላይ ነው፤ ብርሃን ወዳለበት ውሰደው። የዘንጉን ጫፍ እይ፤ መደገፊያውን የሚነካው ቦታ ለስላሳ መሆን አለበት፤ ከጎደጎደ አይደገምም። መንጠቆውን ሳትነካ ዘንጉን በአውራ ጣትህ በኃይል ግፋው፤ አንዲት ጥርስ እንኳ መመለስ የለበትም። ከተመለሰ ጥርሱ ወይም መንጠቆው አልቋል፤ እንግዲህ ቴንሽነር ግዛ። ከዚያ መንጠቆውን ተጭነህ ዘንጉን ወደ ውስጥ መልሰው፤ ሳይነክስ መሄድ አለበት። ጥርሶቹ ላይ ጥቁር ዝቃጭ ከተጋገረ በቤንዚን እጠበው። እንዲህ ብቻ ታጥቦ የዳነ ቴንሽነር ብዙ አይቻለሁ፤ ዘይት በሰዓቱ የማይቀየርለት ሞተር ላይ ነው የሚበዛው። መሃል ላይ የሚወጣ ሞላ የሌለው፣ ሞላው ከውስጥ የተጠቀለለ ዓይነት ካጋጠመህ ደግሞ ከኋላ ባለው ቀዳዳ ቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አስገብተህ ወደ ቀኝ ስታዞር ዘንጉ ይገባል።

ዋናው ፍርድ ያለው ዘንጉ የወጣበት ልክ ላይ ነው። እስከ ግማሽ ያህል ከወጣና ጥርሱ ጤነኛ ከሆነ ካቴናህ ገና ነው፤ ጥፋቱ የሞላው ወይም የዝቃጩ ነው። እስከ መጨረሻዎቹ ጥርሶች ከደረሰ ግን አዲስ ቴንሽነር ገዝተህ አትድከም። አዲሱም እዚያው ድረስ ወጥቶ ይቆማል። የሚያስፈልግህ ካቴና ነው፤ ከእሱ ጋርም ሁለቱን መደገፊያዎች ቀይር፤ ካቴናው የሚዞርበትን የላይኛውንና የታችኛውን ጥርስም አስመርምር፤ ጫፉ የሾለ ከሆነ አዲሱን ካቴና ቶሎ ይበላዋል። ሁለተኛ ምስክር ከፈለግህ የቴስታታውን ክዳን ክፈት። የ«ቲ» ምልክቱ ሲገጥም የካምሻፍቱ ጥርስ ምልክት ከቴስታታው ጠርዝ ጋር ትይዩ መሆን አለበት፤ ወደ ኋላ ከቀረ ካቴናው ረዝሟል።

ሦስተኛው ምስክር ዘይቱ ውስጥ ነው። ዘይቱን ስትቀይር ወንፊቱን አውጥተህ በነጭ ጨርቅ ላይ አራግፈው። በጣቶችህ መሃል ስታሸው የሚያብረቀርቅ ደቃቅ ነገር የብረት ነው። ጥቁር፣ በጥፍር የሚቆረጥ ፍርፋሪ ካገኘህ ግን መደገፊያህ እየተፈረፈረ ነው፤ ከፉጨቱ በኋላ ይህን ብታገኝ አልደነቅም። ፍርፋሪው ወንፊቱን ሲደፍን ዘይት ወደ ላይ አይደርስም።

ካቴናውን መቀየር የጋራዥ ሥራ ነው። በብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሞተሮች ካቴናው ከግራው ማግኔት በስተጀርባ ስለሆነ ማግኔቱ በልዩ መንቀያ መነሳት አለበት፤ በመዶሻ የሚመታው ካየህ ሞተርህን ይዘህ ውጣ። የሞተሩን ሆድ ለሁለት መክፈት ግን በአብዛኛው አያስፈልግም። «ሞተሩ ይውረድ» ያለህን ሰው ለዚህ ሥራ ማውረድ ለምን እንዳስፈለገ ጠይቀው።

ስትመልሰው፦ መንጠቆውን ተጭነህ ዘንጉን ሙሉ በሙሉ አስገባ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) አድርግ፣ ቴንሽነሩን በሁለቱ ቡሎኖች እሰር። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 6 ሚሊሜትር ቡሎኖች ናቸው፤ 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃቸዋል። የሚገቡት አልሙኒየም ውስጥ ነውና ጉልበትህን ለሌላ ቀን አቆየው። ከዚያ ሞላውንና የመሃሉን ቡሎን መልስ፤ ሞላውን ስትገፋው ዘንጉ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ ወደ ቦታው ሲሄድ ትሰማለህ። ያ ድምፅ ካልመጣ ቆም በል። ካንዴላውን ሳትመልስ ሞተሩን በመፍቻ ሁለት ሙሉ ዙር አዙር፤ ምልክቶቹ እንደገና ይግጠሙ። መሃል ላይ እንቢ ካለህ አታስገድደው፤ ቫልቭ ፒስተን ነክቶ ይሆናል።

የተሳበውን ሞላ ግን አትመልሰው። አንዴ የተሳበ ሞላ ልኩን አጥቷል፤ ዛሬ ይበረታል፣ ነገ ይሰንፋል። ሞላው ለብቻው ካልተገኘ ሙሉ ቴንሽነር መግዛትህ አይቀርም። ያኔም አሮጌውን ይዘህ ሂድና የዘንጉን ርዝመትና የቡሎኖቹን ርቀት ጎን ለጎን አስተያይ። ከውጭ አንድ ዓይነት መስለው ዘንጋቸው የሚለያይ ሞልተዋል።

ጥያቄ

እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ከሐዋሳ ወደ ወንዶ ገነት መንደሮች የምመላለስበት አሮጌ ባለ 125 ሲሲ ሞተር ብስክሌት አለኝ። ከላይ «ጢቅ ጢቅ» ይላል። የመለዋወጫ ሻጭ ድምፁን ሰምቶ ቴንሽነር ሸጠልኝ። መካኒኩ ግን የሚገባበት ቦታ አጣሁለት አለኝ። ማንኛቸው ናቸው ልክ?

መልስ

እኅቴ፣ መካኒኩ ልክ ነው። ቴንሽነሩን ዛሬውኑ ይመልሱ፤ ማሸጊያውን ካልጣሉት ይቀበልዎታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የእርስዎ ሞተር በውስጡ እንዲህ ያለ ካቴና የለውም። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲጂ 125 የተባለውን ሞተር ያወጣው ጥገና በማይበዛበት አገር እንዲሠራ አስቦ ነው፤ ካምሻፍቱን ከቴስታታው አውርዶ ከታች አደረገውና በጥርስ ከክራንክሻፍቱ ጋር አገናኘው። ቫልቮቹን የሚገፉት ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ በዚሁ ንድፍ የተሠሩ ብዙ የቻይና ሞተሮች አገራችን ገብተዋል። ለማረጋገጥ ከሲሊንደሩ ጀርባ ይመልከቱ፤ በሁለት ቡሎን የታሰረ፣ ጣት የሚያህል ዕቃ ከሌለ ነገሩ ይኸው ነው።

የሚሰሙት የቫልቭ ክፍተት ሳይሆን አይቀርም። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ፒስተኑ ከላይ ሆኖ፣ በስስ መለኪያ ብረት ይስተካከላል። በብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ የእርስዎን ቁጥር ከመመሪያው ላይ ይመልከቱ። «ድምፁ ጭራሽ እንዲጠፋ ጥብቅ ላድርገው» የሚል መካኒክ ካለ እምቢ ይበሉት። ክፍተት ያጣ የጭስ ማውጫ ቫልቭ በደንብ ስለማይዘጋ ይቃጠላል። ጥቂት «ጢቅ ጢቅ» የሚል ሞተር ጤነኛ ነው።

ጥያቄ

ጡረታ የወጣሁ ሹፌር ነኝ፤ ይርጋለም ነው የምኖረው። ልጄ «የሞተሩን አውቶማቲክ ቴንሽነር አውልቀን በቡሎን የሚጠበቅ እናድርግለት፤ ከዚያ በኋላ አይቸግርም» ይላል። ምን ይመክሩናል?

መልስ

ጋሼ፣ ባይነኩት ይሻላል። በቡሎን የሚጠበቅ ቴንሽነር በየጊዜው ፈትሾ የሚያስተካክለው ሰው ይፈልጋል፤ ለውድድር ሞተር እሰየው ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ሲሊንደሩ አልሙኒየም፣ ካቴናው ብረት ነው። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥ ሞተሩ በጋለ ቁጥር ካቴናው ይወጠራል። ልጅዎ ጠዋት በቀዝቃዛ ሞተር ልክክ አድርጎ ካጠበቀው ሐዋሳ እስኪደርስ እያፏጨ ነው። ላላ አድርጎ ከተወው ደግሞ በየማለዳው ይንቃጨላል። አውቶማቲኩ ከተበላሸ በዚያው ዓይነት ይተኩት። ቡሎኑን አስቀድሞ ገዝቶት ከሆነም ለአጥር በር ይሆናል።